ከመኪና አደጋ በኋላ ህክምናውም ካሳውም እንዳያመልጣችሁ

ኢንሹራንስ ለህመም አይከፍልም። ለተጻፈ ህመም ነው የሚከፍለው።

ይህን የምለው ከውስጥ ስላየሁት ነው። ዓመታት በኢንሹራንስ የክሌም (የካሳ ጥያቄ) ክፍል ውስጥ የሰው ፋይል ሳገላብጥ ኖሬአለሁ። አሁን ከጠረጴዛው ማዶ ዞሬ፣ አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች ወረቀታቸውን እንዲያሟሉ አግዛለሁ። ከሁለቱም ወገን ሆኜ ያየሁት ያው ነው። ክፉኛ የተጎዳ ሰው በትንሽ ገንዘብ ይሸኛል፤ ቀለል ያለ ጉዳት ያለበት ደግሞ የሚገባውን አሟልቶ ይወስዳል። ምክንያቱን ስፈልግ ብዙ ጊዜ የማገኘው እዚሁ ላይ ነው፦ የሁለተኛው ሰውነት የሚለውና የህክምና ካርዱ ላይ የሰፈረው ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ይገናኛል፣ የፊተኛው አይገናኝም።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። እዚህ የምጽፈው ግን የትም ብትሆኑ የሚጠቅማችሁን ነው።

አደጋው ቦታ ላይ

መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ መኪና። አንገቱን ወይም ጀርባውን ያመመው፣ እጅና እግሩ የደነዘዘው ሰው ካለ አታንቀሳቅሱት። እሳት ወይም ሌላ የባሰ አደጋ ካልመጣ በቀር እርዳታ እስኪደርስ ባለበት ይቆይ። ደግ አሳቢ ሆኖ ከመኪናው ጎትቶ የሚያወጣ ሰው መቼም አይጠፋም፤ በትህትና ከልክሉት።

ከቻላችሁ ስልካችሁን አውጡና አንሱ። የሁለቱንም መኪና ታርጋ፣ የቆሙበትን አቅጣጫ፣ የጎማ ምልክቱን፣ የትራፊክ መብራቱን፣ የተሰባበረውን መስታወት። የሌላኛውን ሹፌር መንጃ ፈቃድና የኢንሹራንስ ወረቀት ፎቶ ያዙ። የምስክር ስልክ ቁጥር ወዲያው ተቀበሉ፤ ምስክር ቸኩሎ ይሄዳል፣ ከሄደ ደግሞ አይገኝም። መኪናችሁ ካሜራ ካለው ቀረጻውን በዚያው ቀን ገልብጡ። እነዚህ ካሜራዎች ሲሞሉ በአሮጌው ላይ ነው የሚቀርጹት። በአካባቢው ያሉ ሕንጻዎች ካሜራም እንዲሁ ነው፤ ሳምንት ቆይታችሁ ብትጠይቁ «ጠፍቷል» ትባላላችሁ።

ሰው ከተጎዳ ፖሊስ ይጠራ። «እዚሁ እንስማማ፣ ምን ያጨቃጭቀናል» የሚል ሹፌር ካጋጠማችሁ ጨዋነቱን አመስግኑና ፖሊስ ጥሩ። የሪፖርቱን ቁጥር ሳትይዙ አትሂዱ። ደግሞም በድንጋጤ «ጥፋቱ የኔ ነው» አትበሉ። ያያችሁትን ተናገሩ እንጂ ፍርዱን ለሚፈርደው ተዉለት።

ሐኪም ዘንድ

በዚያው ቀን ሂዱ። ምንም ባይሰማችሁም ሂዱ።

አደጋ ውስጥ ያለ ሰውነት አድሬናሊን ያመነጫል፣ ህመሙ ለጊዜው ይታፈናል። መኪና ከኋላ ሲገጫችሁ አንገት ወደ ኋላና ወደ ፊት ተወርውሮ የሚደርስበት ጉዳት ብዙ ጊዜ ራሱን የሚያሳየው በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። ማታ ደህና የተኛ ሰው ጠዋት አንገቱን ማዞር ያቅተዋል።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶች አሉ። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ ያልተለመደ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ግራ መጋባት፣ የዓይን ብሌኖች እኩል አለመሆን፣ መንቀጥቀጥ፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የትንፋሽ እጥረት፣ እየጠነከረ የሚሄድ የሆድ ህመም። እነዚህ ካሉ ድንገተኛ ክፍል ነው፣ አሁኑኑ። የደህንነት ቀበቶው ሆድ ላይ ሰምበር ጥሎ ከሆነ ለሐኪሙ አሳዩት፤ ከሥሩ አንጀት ወይም ሌላ የውስጥ አካል ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱን ትንሽ እንኳ ከተመታ መታየት አለበት። በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ የጭንቅላት ውስጥ መድማት ቀስ ብሎ፣ ከቀናት አልፎ ከሳምንታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ግጭቱ ቀላል ቢመስልም ትመርመር። የእንግዴ ልጅ ከማኅፀን ግድግዳ ሊላቀቅ ስለሚችል እናትየውም ጽንሱም ለሰዓታት ክትትል ይደረግላቸዋል።

አሁን ወደ ካርዱ እንምጣ። ብዙ ክሌም የሚበላሸው እዚህ ነው።

ድንገተኛ ክፍል ይጣደፋል። ነርሷ «የት ነው ያመመህ?» ትላለች። ጉልበትህ እየደማ ስለሆነ «ጉልበቴን» ትላለህ። አንገትህም ይዞሃል፣ ግን ከጉልበቱ አንጻር ምንም አይደለም ብለህ ትተወዋለህ። ካርዱ ላይ «ጉልበት» ይጻፋል። ከሳምንታት በኋላ ጉልበትህ ድኗል፣ አንገትህ ግን እንቅልፍ ነስቶሃል። የክሌም ሠራተኛው የመጀመሪያውን ካርድ ያወጣና «አንገት የሚል ነገር የለም፣ ይሄ ከአደጋው በኋላ የመጣ ነው» ይላል። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። እኔም እዚያ ወንበር ላይ ሳለሁ ያንኑ ነበር የምለው። ፊቴ ያለው ወረቀት የሚለው እሱን ነበራ!

ስለዚህ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ተናገሩ። ራስ፣ አንገት፣ ትከሻ፣ ጀርባ፣ ደረት፣ ሆድ፣ እጅ፣ እግር። ትንሹንም ትልቁንም። ቀጥሎ አደጋውን ግለጹ፦ የት ተቀምጣችሁ ነበር፣ ጋቢና ነው ከኋላ? ቀበቶ አስራችኋል? ከየት በኩል ተገጫችሁ? ጭንቅላታችሁ ከምን ጋር ተጋጨ? ለአፍታም ቢሆን ራሳችሁን ስታችኋል? መገጨታችሁን ራሱን የማታስታውሱት ከሆነ እሱም ይጻፍ።

ስትወጡ የሚሰጣችሁን ወረቀት እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። አንድ ፋይል ትዝ ይለኛል። የተጎዳው የግራ ትከሻ ነው። የመጀመሪያው ካርድ «ቀኝ ትከሻ» ይላል፣ ራጁ የግራ ነው፣ የፊዚዮቴራፒው ወረቀት የግራ ነው። አንዲት ቃል ናት። ያቺን ቃል ለማስተካከል ሰውየው መጀመሪያ ያየውን ሐኪም ሲፈልግ ሐኪሙ ሥራ ለቋል። ክፍያው ወራት ተጓተተ። በዚያው ቀን ቢነበብ ኖሮ እስክሪብቶ አውጥቶ ማረምና መፈረም ብቻ ነበር።

አታጋንኑ ደግሞ። «ከአንድ እስከ አሥር ስንት?» ሲባሉ ሁሉንም አሥር የሚሉ ሰዎች አሉ። እየሳቀ፣ እግሩን አጣምሮ ተቀምጦ አሥር ያለ ሰው ካርድ ላይ ሐኪሙ መሳቁንም ይጽፋል። የድሮ ህመም ካላችሁም አትደብቁ። የቆየ የወገብ ህመም አደጋው ካባሰው፣ በብዙ አገር ሕግ የባሰው ያህል ይካሳል። ተደብቆ ከተገኘ ግን ወገቡ ብቻ ሳይሆን የተናገራችሁት ሁሉ ይጠረጠራል።

«ራጁ ንጹህ ነው» ሲባሉ

ይህን ሰምተው «እንግዲህ ምንም የለኝም» ብለው ህክምናውን የሚተዉ ብዙ ናቸው። ራጅ በዋናነት የሚያሳየው አጥንት ነው። የተወጠረ ጡንቻ፣ የተሳበ ጅማት ራጅ ላይ አይታይም። የአንገት መወርወር ጉዳት ብዙ ጊዜ በኤምአርአይም ላይ ምልክት የለውም። ሲቲ ስካን ለጭንቅላት መድማትና ለአጥንት ስብራት ጎበዝ ነው። ኤምአርአይ ደግሞ ለዲስክና ለነርቭ። ሁሉ ሰው ሁሉንም ይነሣ ማለት አይደለም፤ መደንዘዝ፣ መዛል ወይም የማይሻሻል ህመም ካለ ሐኪሙ ያዛል።

ፎቶው ምንም ካላሳየ ክብደቱ የሚያርፈው በሐኪሙ ምርመራ ላይ ነው። «የአንገት ህመም አለ» ብሎ ማለፍ አንድ ነገር ነው። አንገቱ ወደ ግራ ምን ያህል ዲግሪ እንደሚዞር፣ ሲነካ የሚያመው የትኛው ቦታ እንደሆነ፣ የእጁ ጉልበት እንደቀነሰ ወይም እንዳልቀነሰ መጻፍ ሌላ ነው። ሐኪሙን «እንቅስቃሴውን ለክተው ቢጽፉልኝ» ማለት ነውር የለውም።

ህክምናው ራሱ ምን ይመስላል? ስብራት ከሌለ ብዙ ጊዜ የሚመከረው ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ ነው። ለሳምንታት የአንገት ኮላር አስሮ መቀመጥ ጡንቻውን ያሰንፈዋል። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይሻለዋል፣ ጥቂቶች ላይ ግን ይቆያል። የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ አትዝለሉ። ካርዱ ላይ ያለ ክፍተት ለኢንሹራንሱ «ድኗል» ማለት ነው። መሄድ ያልቻላችሁት ገንዘብ አጥታችሁ ወይም ልጅ የሚይዝላችሁ ጠፍቶ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ምክንያቱን ተናገሩና ካርዱ ላይ ይስፈር።

እንቅልፍ ማጣት፣ ቅዠት፣ መኪና ውስጥ ስትገቡ ልብ መምታት ካለም ለሐኪም ንገሩ። ምልክቱ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ የድኅረ አደጋ ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ይታከማል፤ በብዙ ቦታም ካሳ ውስጥ ይገባል።

ሂሳቡን ማን ይከፍላል?

ሰዎች «ያጠፋው ይክፈል» ብለው ይቀመጣሉ። ችግሩ ያጠፋው ሰው ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው በየቀጠሮው አይደለም፤ መጨረሻ ላይ በአንዴ ነው። እስከዚያ ሆስፒታሉ አይጠብቃችሁም። ስለዚህ ያላችሁን ሁሉ ቁጠሩ፦ የጤና መድናችሁን፣ በራሳችሁ የመኪና ኢንሹራንስ ውል (ፖሊሲ) ውስጥ ያለ የህክምና ወይም የግል አደጋ ሽፋን ካለ እሱን፣ በሥራ ላይ እያላችሁ ከሆነ የአሠሪያችሁን የሥራ ላይ ጉዳት መድን፣ ከዚያ የሌላኛውን ሹፌር የሦስተኛ ወገን መድን። ፖሊሲያችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። እንዲህ ያለ ሽፋን እንዳላቸው ሳያውቁ ዓመታት የከፈሉ ሰዎች አጋጥመውኛል።

አንዳንድ አገር ማን አጠፋ ተብሎ አይጠየቅም። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በአደጋ ለተጎዳ ሰው ጥፋተኛ ሳይፈለግ ከመንግሥት ፈንድ ህክምናውን ትሸፍናለች፤ በምላሹ ለጉዳቱ ካሳ መክሰስ በአብዛኛው ቀርቷል። ሌሎች አገሮች በጥፋት ላይ የቆመ ሥርዓት አላቸው። የገጨው መኪና ኢንሹራንስ ባይኖረው ወይም ገጭቶ ቢያመልጥ ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ አገሮች ለዚህ ብለው ያቋቋሙት ፈንድ አለ፤ የእንግሊዙ እ.ኤ.አ. በ1946 ነው የተቋቋመው። እንዲህ ያሉ ፈንዶች የፖሊስ ሪፖርት አጥብቀው ይጠይቃሉ።

ተሳፋሪ የነበራችሁ ሰዎች፣ እናንተን ለብቻ ላናግራችሁ። መኪናውን የሚነዳው ወንድማችሁ ወይም ጓደኛችሁ ስለነበር «እንዴት እሱን እጠይቃለሁ» ብላችሁ ዝም ትላላችሁ። የምትጠይቁት እሱን ሳይሆን ኢንሹራንሱን ነው። ዓረቦን (የኢንሹራንስ ክፍያ) የከፈለው ለዚሁ ቀን ነው። ደግሞ ተሳፋሪ ስትሆኑ የጥፋት ክርክሩ እናንተን እምብዛም አይነካችሁም።

የጤና መድናችሁ ከከፈለ፣ በኋላ ካሳ ስታገኙ የከፈለውን መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። ስምምነት ከመፈረማችሁ በፊት ስንት እንደሚመለስ በጽሑፍ ጠይቁ። አለበለዚያ እጃችሁ የገባ የመሰላችሁ ገንዘብ ግማሹ የናንተ ላይሆን ነው። ሌላው፦ ኤምአርአይና ቀዶ ህክምና የመሳሰለው ቅድመ ፈቃድ ሊፈልግ ይችላል። ድንገተኛ ካልሆነ መጀመሪያ አስፈቅዱ።

ስልኩ ሲደወል

ለራሳችሁ ኢንሹራንስ ቶሎ አሳውቁ። አብዛኛው ፖሊሲ ይህን ግዴታ ያደርገዋል፤ ማዘግየት ሽፋን ሊያሳጣ ይችላል። ስልክ ብትደውሉም በጽሑፍ አጽኑት፣ የክሌም ቁጥር ተቀበሉ፣ ያናገራችሁን ሰው ስምና ሰዓቱን ያዙ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

የሌላኛው ወገን ኢንሹራንስም ይደውላል። ድምፁ ለስላሳ ነው። «እንዴት ነዎት ዛሬ?» ይላል። «ደህና፣ ይመስገን» ትላላችሁ፣ አፍ የለመደው ነው። ያቺ «ደህና» ማስታወሻ ላይ ትገባለች። «በህክምና ላይ ነኝ» በሉ፣ በቃ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የፖሊስ ሪፖርቱን ቁጥር ስጡ። ድምፃችሁን ለመቅረጽ ሲጠይቁ፣ ከራሳችሁ ኢንሹራንስ ጋር የመተባበር ግዴታ ይኖርባችኋል። ለሌላኛው ግን ብዙውን ጊዜ የለባችሁም፤ «ጥያቄዎቹን በጽሑፍ ይላኩልኝ» ማለት ይበቃል። ፍጥነትና ርቀት አትገምቱ። የማታውቁትን «አላውቅም» በሉ።

የህክምና ማስረጃ እንዲያዩ ፈቃድ የምትሰጡበት ፎርም ይመጣል። አንዳንዱ ከተወለዳችሁ ጀምሮ ያለውን ሁሉ የሚከፍት ነው። ከአደጋው ጋር በተያያዘው ጉዳትና በተወሰነ ጊዜ እንዲገደብ ጠይቁ። እነሱ ወደመረጡት ሐኪም ከላኳችሁ ሂዱ፣ እውነቱን ተናገሩ፤ ግን ይህ ሐኪም ሊያክማችሁ አይደለም። የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት፣ የትኛውን ቦታ እንደነካ፣ ምን እንደለካ ስትወጡ ጻፉ።

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ምን እንደምትለጥፉ ለናንተ አልነግርም። እኛ ግን እናይ ነበር።

ወረቀት የሚቀመጥበት ካርቶን

ደረሰኝ ሁሉ ይቀመጥ፦ መድኃኒት፣ ወደ ክሊኒክ የሄዳችሁበት ትራንስፖርት፣ የተሰበረ መነጽር፣ የልጅ መኪና ወንበር። የልጅ ወንበር ከከባድ ግጭት በኋላ ደህና ቢመስልም ደህና አይባልም፣ ይቀየራል። ከማሽን የሚወጣው ደረሰኝ ቀለሙ በጥቂት ወራት ስለሚጠፋ በዕለቱ ፎቶ አንሱት። ነጭ ወረቀት ይዞ መጥቶ «ይሄ የመድኃኒት ነው» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው።

ለቀረባችሁ ደመወዝ የሐኪም ፈቃድ፣ የአሠሪ ደብዳቤና ከአደጋው በፊት የነበሩ ወራት የደመወዝ ማስረጃ ያስፈልጋል። በግል የምትሠሩ ከሆነ የግብር ወረቀትና የተሰረዙ ሥራዎች መልእክት።

አንዲት ሴት ያመጣችው ደብተር አይረሳኝም። «አመመኝ» የሚል ቃል የለበትም ማለት ይቻላል። «ዛሬ ወደ ኋላ ስነዳ መዞር አቅቶኝ ልጄ ወርዶ አሳየኝ።» «ፀጉሬን እህቴ ሠራችኝ፣ ክንዴ ከትከሻዬ በላይ አይሄድም።» በየመስመሩ ቀን አለው። የፊዚዮቴራፒው ካርድም ክንዱ እስከ የት እንደሚነሣ በዚያው ሳምንት ለክቶታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው የሚከራከርበት አልነበረውም።

ከመፈረም በፊት

ቶሎ የመጣ ክፍያ ላይ ቶሎ አትፈርሙ። ወረቀቱ «ሙሉና የመጨረሻ» የሚል ቃል ካለው፣ ከፈረማችሁ በኋላ ቀዶ ህክምና ቢያስፈልግ ከራሳችሁ ኪስ ነው። ሐኪሙ «ድኗል» ወይም «ከዚህ በላይ ብዙ መሻሻል አይጠበቅም» ብሎ እስኪጽፍ ጠብቁ። ለወደፊት የሚያስፈልገውን ህክምናም ያስፍርላችሁ።

የመኪናው ጥገና ከአካል ጉዳቱ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል፣ ጥሩም ነው። ነገር ግን የበር ጥገና ወረቀት ታች፣ በትንሹ ፊደል፣ «እና ማንኛውንም የአካል ጉዳት ጥያቄ» የሚል ሐረግ ተደብቆ አይቻለሁ። ይሰረዝ በሉ። ካልተሰረዘ አትፈርሙ።

ሰዓቱም እየቆጠረ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ለአካል ጉዳት ክስ በመደበኛው 3 ዓመት፣ በካሊፎርኒያ 2 ዓመት ነው። የመንግሥት መኪና ከሆነ ማስታወቂያ የማስገቢያው ጊዜ በብዙ ቦታ ከዚህ በእጅጉ ያጥራል። ከኢንሹራንሱ ጋር በመልካም እየተጻጻፋችሁ መሆኑ በራሱ ሰዓቱን አያቆመውም። የአገራችሁን ገደብ አጣሩና ቀኑን የምታዩት ቦታ ጻፉት።

ውድቅ ከተደረገ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። «አይሸፈንም» ምክንያት አይደለም፤ የትኛው የፖሊሲ አንቀጽ? ምክንያቱ «ጉዳቱ ከአደጋው ጋር አይያያዝም» ከሆነ፣ ሐኪማችሁ ለዚያች ነጥብ ብቻ መልስ የሚሰጥ አጭር ደብዳቤ ይጻፍ። እሱን ይዛችሁ መጀመሪያ ለድርጅቱ ቅሬታ ሰሚ፣ ካልሆነ የኢንሹራንስ ዘርፉን ለሚቆጣጠረው አካል አቤት በሉ።

ለቀላል ጉዳት ጠበቃ ላያስፈልግ ይችላል። ስብራት፣ ቀዶ ህክምና፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ቋሚ የአካል ጉዳት፣ ሞት ወይም የተጎዳ ሕፃን ካለ፣ ወይም ጥፋተኝነቱ ላይ ክርክር ከተነሣ ግን አማክሩ። የመጀመሪያውን ምክር በነፃ የሚሰጡ አሉ። ከካሳው በመቶኛ የሚወስድ ከሆነ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ መቶኛው የሚሰላው የህክምና ዕዳውና የማስረጃ ወጪው ከመቀነሱ በፊት ነው ወይስ ከተቀነሰ በኋላ? መልሱን ውሉ ላይ ያስፍርላችሁ።